ተሳቢ ይዘን ተራራ ስንሻገር፦ መንገድ በቁልቁለቱ ይመረጥ



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ማኅበሩ አመሠራረት፣ ስለ ዕድሩና ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት ሌሎች እንዲናገሩ አድርጎ፣ ለእኛ ለዕቃና መጓጓዣ ንዑስ ኮሚቴ የሰጠን ርዕስ ስለ ተሳቢው እንድንናገር ነው። ርዕሱ ሲነገር አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁን አይተናል። እኛ አብዛኞቻችን ባለሱቆች ነን፤ ትምህርታችንም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል የዘለለ አይደለም። ነገር ግን ጤፉንም በርበሬውንም ስንጭንና ስናራግፍ የኖርን ስለሆንን፣ ዕቃ ተጭኖ ተራራ ሲሻገር ምን እንደሚሆን ጥቂት እናውቃለን። የምናውቀውንም ሳንቆጥብ እንናገራለን።

እንደሚታወቀው የማኅበራችን ተሳቢ በዓመት ውስጥ የማይሄድበት የለም። ድንኳኑን፣ 200 የፕላስቲክ ወንበሮችን፣ ትልልቆቹን ብረት ድስቶች፣ የጋዝ ምድጃዎቹንና የውሃ በርሜሎቹን ተሸክሞ ሠርግም ላይ ለቅሶም ላይ ቀድሞ የሚደርሰው እርሱ ነው። ልጆቻችንን ናይቫሻ ሐይቅ ዳር ስናዝናና ከአውቶቡሱ ኋላ ይከተላል። ከዚህም ሌላ በየዓመቱ በሞያሌ በኩል በመኪና አገር ቤት የሚገቡ አባላት የየግላቸውን ተሳቢ ይጎትታሉ። ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጡ ልጆቻችንም ማደሪያ ያለው መኪና ተከራይተው በዚያው መንገድ መጓዝ ጀምረዋል። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ብረትና ስለ ጎማ ብቻ ሳይሆን ስለ ቤተሰቦቻችን ደኅንነት ነው።

ናይሮቢ ላይ የሚኖር ሰው ከተራራ ማምለጥ አይችልም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ወደ ምዕራብ ብንሄድ በሊሙሩ በኩል ከ2,000 ሜትር በላይ ወጥተን ወደ ስምጥ ሸለቆው እንወርዳለን። ወደ ሰሜን ብንሄድ የኬንያን ተራራ በግራ ወይም በቀኝ መዞር ግድ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ተራራ መሻገር አለብን ወይስ የለብንም አይደለም፤ በየትኛው በኩል እንሻገር ነው።

በዚህ ጥያቄ ላይ ሁልጊዜ የምንሰማው መልስ "የሚያጥረው ይሻላል" የሚል ነው። ስልካችን ላይ ያለው ካርታም የሚመርጥልን በደቂቃ የሚያጥረውን ነው፤ ከኋላችን 1,500 ኪሎ እንደምንጎትት አያውቅም። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየውን በሬ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኛ የምንለው ቀላል ነው፤ ተሳቢ ያለው ሰው መንገዱን የሚመርጠው በቁልቁለቱ ነው። ዳገት ቢከብድ መኪናው ይቆማል፤ ሰውም ወርዶ ታኮ ያደርጋል፤ ውሃም ጨምሮ ያቀዘቅዛል። ቁልቁለት ግን ሲከብድ አያቆምም።

ቁልቁለት ለምን እንዲህ ይከብዳል? ከአባሎቻችን መካከል መሐንዲስ የሆነ ወንድማችን አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ አሰላልን። ፒክአፑ ከነሰዎቹ 2,000 ኪሎ፣ ተሳቢው ከነጭነቱ 1,500 ኪሎ፣ በድምሩ 3,500 ኪሎ እንበል። ይህ ጭነት 1,000 ሜትር ወደ ታች ሲወርድ የሚፈጠረው ሙቀት 100 ሊትር ያህል የቧንቧ ውሃ እስኪፈላ ለማሞቅ ይበቃል አለን። መቶ ሊትር ውሃ በትልቁ ብረት ድስት ለማፍላት ስንት ጋዝ እንደሚነድ በድግሱ ወጥ ቤት የምትደክሙ እናቶች ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ያ ሁሉ እሳት መሄጃ ይፈልጋል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ አብዛኛውን ሞተሩ ይሸከመዋል። ሾፌሩ በቀላል ማርሽ ለቆት ፍሬን እየረገጠ ከወረደ ግን እሳቱ በሙሉ ወደ ፍሬኑ ይገባል።

ፍሬን ሲግል መጀመሪያ ይሸታል፤ ቀጥሎ ይጨሳል፤ ከዚያ አልይዝ ይላል። የፍሬኑ ዘይት ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ እግር ሥር ይሰምጣል። ፔዳሉ ከሰመጠ በኋላ ስለ መንገድ ምርጫ መነጋገር ጊዜው አልፏል። ስለሆነም ምርጫው መደረግ ያለበት ናይሮቢ ላይ፣ ከመነሳታችን በፊት፣ ሻይ ይዘን ቁጭ ብለን ነው።

እኛ መንገድ ስንመርጥ አምስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ቁልቁለቱ ስንት ኪሎ ሜትር ይረዝማል? አጭርና ከባድ ቁልቁለት አንድ ነገር ነው፤ ረጅሙ ግን ፍሬኑን ሳያሳርፍ ያግለዋል። ሁለተኛ፣ ከቁልቁለቱ ሥር ምን አለ? ሜዳ ከሆነ መልካም ነው፤ ኩርባ፣ ጠባብ ድልድይ ወይም ገበያ ከሆነ ግን አደጋው እዚያ ይጠብቃል። ሦስተኛ፣ መሐል ላይ ከመንገድ ወጥቶ መቆሚያ አለ ወይ? አራተኛ፣ መንገዱ ስንት መኪና ያሳልፋል፣ ዳሩስ ገደል ነው ወይስ ሜዳ? አምስተኛ፣ በምንደርስበት ሰዓት ጉም፣ ዝናብ ወይም ጨለማ ይኖራል ወይ? ለእነዚህ መልስ ካገኘን ኪሎ ሜትሩን በመጨረሻ እናየዋለን።

አሁን ይህን በምናውቃቸው መንገዶች ላይ እንሞክረው። መጀመሪያ ናይቫሻን እንይ።

ከናይሮቢ ናይቫሻ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሁለት መንገድ አለው። ሁለቱ የሚለያዩት ሊሙሩ አካባቢ ሪሮኒ ላይ ነው። የታችኛው በማይ ማሂዩ የሚወርደው ነው። ይህን መንገድ የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1941 በምሥራቅ አፍሪካው ጦርነት በአገራችንና በሶማሊያ ተማርከው ወደ ኬንያ የመጡ የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው። በ1942 የሠሯት ትንሽ ቤተ ክርስቲያንም እስከ ዛሬ ከቁልቁለቱ ግርጌ አለች፤ ብዙ መንገደኛ እዚያ ቆሞ ይጸልያል። መንገዱ ከገደሉ ወገብ ላይ ተቆርጦ የወጣ ስለሆነ በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው ወገን አየር ነው። ለወጪና ለወራጅ አንድ አንድ መስመር ነው ያለው። ወደ ኡጋንዳና ወደ ምዕራብ የሚሄዱ ከባድ መኪናዎችም በብዛት ይወርዱበታል፤ ይወጡበታል።

"ከከባድ መኪና ኋላ በዝግታ መውረድ ያስተማምናል" የሚሉ አሉ። ሐሳባቸውን እናከብራለን። ዳሩ ግን ከፊት ያለው ከባድ መኪና በየኩርባው ሲቆም እኛም ፍሬን መርገጥ ግድ ይሆንብናል፤ ፍሬናችን ዕረፍት አያገኝም። ከኋላችን የሚመጣው ከባድ መኪና ፍሬኑ እምቢ ካለው ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው የእኛን ተሳቢ ነው። ከግርጌውም ሜዳ ሳይሆን የማይ ማሂዩ ከተማ ከነሱቁና ከነሰዉ ነው ያለው። በዝናብ ወራት ደግሞ ሌላ ችግር አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 2024 ሌሊት በማይ ማሂዩ አጠገብ የወረደው ድንገተኛ ጎርፍ በብዙ አሥር የሚቆጠሩ ሰዎችን መግደሉን ሁላችንም እናስታውሳለን።

የላይኛው መንገድ በሊሙሩ ተራሮች ላይ ጥቂት ሄዶ በኪኑንጊ በኩል ቀስ እያለ ናይቫሻ ይደርሳል። ቁልቁለቱ አለ፤ ግን ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው፤ ዳሩም አብዛኛው እርሻና መንደር ነው። ክፉ ነገር የለበትም አንልም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው የብርድ ወራት ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከፊት ያለውን መኪና ይሸፍናል። መንገዱ ደህና በመምሰሉም ማታቱዎች እየቀደሙ ይበርሩበታል። ቢሆንም ጉም ፀሐይ ሲወጣ ይገፈፋል፤ ገደል ግን አይገፈፍም። ስለዚህ የማኅበሩ ተሳቢ ወደ ናይቫሻም ወደ ናኩሩም ሲሄድ በላይኛው መንገድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ጉሙ ሲነሳ ቢያልፍ ይሻላል እንላለን። ሲመለስም እንዲሁ።

ቀጥሎ የሞያሌው መንገድ ነው። ከናይሮቢ እስከ ሞያሌ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት ከኢሲዮሎ በኋላ ያለው 500 ኪሎ ሜትር አቧራና ድንጋይ ስለነበር፣ የሁላችንም ፍርሃት ስለ ማርሳቢት በረሃ ነበር። አስፋልቱ ወደ 2017 ገደማ ተጠናቆ ችግሩ ተቃለለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው "አሁንማ ሞያሌ ሜዳ ነው" ይላል። በተሳቢ ለሚሄድ ግን ከባዱ ክፍል አስፋልቱ ከጥንትም የነበረበት፣ ከናይሮቢ እስከ ኢሲዮሎ ያለው ነው።

ከቲካ ባሻገር ማኩታኖ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የግራው በሳጋና፣ በካራቲናና በናንዩኪ በኩል ተራራውን ከምዕራብ ይዞራል። የቀኙ በኤምቡ፣ በቹካና በሜሩ በኩል ከምሥራቅ ይዞራል። ኢሲዮሎ ከመድረሳቸው በፊት ተመልሰው ይገናኛሉ፤ በርቀትም ይህን ያህል አይራራቁም። ታዲያ በምን እንምረጥ?

የምሥራቁ መንገድ ውብ ነው፤ ሻዩ፣ ሙዙ፣ ቡናው አገር ቤት ሲዳሞን ያስታውሳል። ነገር ግን ከኬንያ ተራራ የሚወርዱት ወንዞች በዚያ በኩል መንገዱን አንድ በአንድ ያቋርጡታል። በመሆኑም መንገዱ ወደ ወንዝ ይወርዳል፣ ድልድይ ይሻገራል፣ ይወጣል፤ እንደገና ይወርዳል። በየቁልቁለቱ ሥር ኩርባና ድልድይ አለ። ከእነዚህ ሁሉ የከፋው ከቹካ ጥቂት አልፎ ያለው የኒቲ ድልድይ ነው፤ ቁልቁለቱ ረጅም፣ ኩርባው ድልድዩ አፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 2022 ከሜሩ በኩል የመጣ አውቶቡስ ከዚህ ድልድይ ወደ ወንዙ ወድቆ ከ30 በላይ ሰው ሞቷል። ከዚያ በፊትም በዚያው ቦታ ብዙ ሕይወት አልፏል። ተሳቢ የሚጎትት ሰው እዚያ ምን ጉዳይ አለው?

የምዕራቡ መንገድ ከናንዩኪ ወዲያ ወደ ቲማው ሲወጣ 2,000 ሜትርን አልፎ ብዙ ይሄዳል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አራተኛውን ያህል ያጣል። መኪናው ዳገቱን እያቃሰተ ቢወጣ አትደንግጡ፤ ማርሽ ቀንሳችሁ፣ የሙቀቱን መቁጠሪያ እያያችሁ፣ በትዕግሥት ውጡ። መንገዱ ግን ገላጣ የስንዴ አገር ነው፤ ሩቅ ያሳያል፤ መቆሚያም አለው። ለዚህ ነው በናንዩኪ ሂዱ የምንለው።

ከቲማው በኋላ ያለውን ግን በትልቁ ልንጽፈው እንወዳለን። ከዚያ ከፍታ እስከ ኢሲዮሎ፣ ማለትም እስከ 1,100 ሜትር ገደማ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። የመጨረሻው ክፍል በየትኛውም በኩል ብትመጡ አይቀርም። ቅድም የተናገርነው መቶ ሊትር ውሃ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ከእኛ አንዳንዶቻችን ኢሲዮሎ መግቢያ ላይ ሻይ ስንጠጣ፣ አንድ የማናውቀው መንገደኛ የተሳቢው ጎማ እየጨሰ ደርሶ፣ ሰዎች በባልዲ ውሃ ሊደፉበት ሲሉ አስጥለናል። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋበት ሊሰነጠቅ ይችላል። መድኃኒቱ ጥላ ሥር አቁሞ ግማሽ ሰዓትም ይሁን አንድ ሰዓት በራሱ እስኪበርድ መጠበቅ ነው፤ የእጅ ፍሬኑንም አለመሳብ፤ በታኮ ማስደገፍ።

አወራረዱን በተመለከተ ከአንጋፋ አባሎቻችን የተሻለ አስተማሪ የለንም። ከመካከላቸው በአሰብ መንገድ ጣርማ በርን፣ በጎጃም መንገድ ደግሞ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የአባይ በረሃ በከባድ መኪና የወረዱ አሉ። ጋሼዎቻችን የሚሉት አንድ ነው፦ "በምትወጣበት ማርሽ ውረድ።" ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሹ አልገባም ሊል ይችላል። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪናም ዝቅተኛ ማርሽ አለው፤ በጉዞ ምልክቱ ላይ ትታችሁት አትውረዱ። ፍሬን ሲያስፈልግ ጠበቅ አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱን ቀንሶ መልቀቅ ነው፤ እግርን ፔዳሉ ላይ አስቀምጦ እያሹ መውረድ አይደለም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ፣ ሾፌሮቻችን ፎሌ በሚሉት፣ መልቀቅማ ሞተሩን ከሥራ አስወጥቶ ሸክሙን በሙሉ ለፍሬን መስጠት ነው። ሞተር ማጥፋት ከዚያ የባሰ ነው፤ መሪውም ፍሬኑም ይደነድናል።

ከኢሲዮሎ በኋላ መንገዱ ይዘረጋል፤ ሌላ ጠላት ግን ይመጣል፤ እርሱም ነፋስ ነው። በማርሳቢት ካውንቲ ሎይያንጋላኒ አካባቢ 365 የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ማደሪያ ያለው ረጅም መኪና፣ ወይም ሸራ የለበሰ ከፍ ያለ ተሳቢ፣ በጎን በሚመጣ ነፋስ ይወዛወዛል። ተሳቢው መወዛወዝ ሲጀምር ነዳጅ መልቀቅና መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው፤ በመሪ ልናርመው ብንሞክር ይብስበታል።

ሞያሌ ላይ ሌላ ነገር አለ። በኬንያ በግራ እንነዳለን፤ በአገራችን በቀኝ ነው። የኬንያ መኪና መሪው በቀኝ ስለሆነ ድንበሩን ካለፍን በኋላ ሾፌሩ የሚቀመጠው በመንገዱ ዳር በኩል ነው። ከፊቱ ያለውን መኪና ለመቅደም ሲፈልግ ከወዲያ የሚመጣውን አያይም፤ ከኋላው ደግሞ ተሳቢ አለ። ሜዳ ላይ ይህ ጭንቀት ነው፤ ከሐገረ ማርያም እስከ ዲላ ባለው ጠመዝማዛ ላይ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። መፍትሔው በግራ ወንበር ንቁ የሆነ ረዳት ማስቀመጥና፣ ሾፌሩ በዓይኑ ሳያረጋግጥ በጥርጣሬ ምንም አለመቅደም ነው።

በያቤሎ በኩል ወደ ኮንሶና አርባ ምንጭ ታጥፎ በሶዶ ሻሸመኔ መግባት ይቻላል ወይ ብለው የሚጠይቁን አሉ። ይቻላል፤ ግን ይረዝማል፤ አርባ ምንጭ ዝቅ ያለ አገር ስለሆነም ተጨማሪ መውረድና መውጣት ያስከትላል። ተሳቢ ለያዘ ሰው በዲላና ሐዋሳ ያለው ይሻላል። ስለ ጸጥታውና ስለ ዝናቡ ግን ሞያሌ ላይ የዕለቱን ወሬ ከሾፌሮች ሳይጠይቁ አለመነሳት ነው፤ የትናንት ወሬ ለዛሬ መንገድ አይሆንም።

መንገድ መርጦ ጭነትን መርሳት ደግሞ ግማሽ ሥራ ነው። አበው "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይላሉ። ለለቅሶ ስንቸኩል ዕቃውን የምንወረውርበት ልማድ መቅረት አለበት። እኛ ባለሱቆች ሚዛን አለንና ዕቃውን በሙሉ መዝነን በደብተር ጽፈናል፤ ወንበሮቹ ብቻ 500 ኪሎ ይደርሳሉ። ከጠቅላላው ክብደት ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠው ከተሳቢው ጎማ ፊት ለፊት ይሁን፤ ጋንቾው ላይ የሚያርፈውም ከጭነቱ አንድ አሥረኛ ያህል፣ ማለት ለ1,500 ኪሎ 150 ኪሎ ገደማ ቢሆን ደህና ነው። ከባዱ ወደ ኋላ ከሄደ ተሳቢው ቁልቁለት ላይ ጅራቱን ይወዘውዛል። የውሃ በርሜሎች ባዶ ይሂዱ፤ ውሃ በየትም አገር አለ። የእኛ ተሳቢ የራሱ ፍሬን አለው፤ የግል ተሳቢ ያላችሁ ግን ይህን ተመልከቱ። በአውሮፓ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ እንዳይበልጥ ደንብ አለ፤ ተራራ ለምናቋርጥ ለእኛም ጥሩ ልክ ነው። ሰንሰለቱ፣ የኋላ መብራቱና ፍሬቻው፣ የጎማው ነፋስ፣ ተቀያሪ ጎማው፣ ሁለቱ ታኮዎች ሳይታዩ አንነሳም።

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፤ ይህን ሁሉ ስንል ራሳችንን ብቻ እያሰብን አይደለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2023 በናኩሩና ኬሪቾ መንገድ ሎንዲያኒ መገንጠያ ላይ አንድ የጭነት መኪና ከሾፌሩ ቁጥጥር ውጭ ሆኖ መንገድ ዳር የነበሩ ሰዎችን ጨፍልቆ ከ50 በላይ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመንገድ ዳር አትክልትና ልብስ የሚሸጡ፣ ሞተር ሳይክል ላይ ደንበኛ የሚጠብቁ ነበሩ። እንደ እኛው ነጋዴዎች ናቸው። ጠዋት ሸቀጣቸውን ሲዘረጉ ከላይ የሚመጣው መኪና ፍሬን ይኑረው አይኑረው ሊያውቁ አይችሉም። ያስጠለለን አገር ሰዎች ናቸውና፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ ለሚቀመጡት እኛም አደራ አለብን።

ስለዚህ ንዑስ ኮሚቴያችን ለጠቅላላ ጉባኤው ሦስት ሐሳብ ያቀርባል።

አንደኛ፣ የማኅበሩ ተሳቢ ወደ ናይቫሻና ናኩሩ በላይኛው መንገድ፣ ወደ ሞያሌ ደግሞ በናንዩኪ እንዲሄድ፤ ለመቸኮል ተብሎ መንገዱ እንዳይለወጥ።

ሁለተኛ፣ ተራራ የሚሻገረው በቀን ብርሃን ብቻ ይሁን። ከአሥር ሰዓት በኋላ ቁልቁለት አፍ ላይ የደረሰ ተሳቢ እዚያው አቅራቢያ ይደር። እዚህ አገር ሰዓት አቆጣጠሩ እንደ እኛው ስለሆነ፣ "ሳ ኩሚ" ሲባል አሥር ሰዓት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አልሰማንም የሚል ሰው አይኖርም።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ሾፌሩ "ዛሬ አይሆንም" ካለ ቃሉ የመጨረሻ ይሁን። ሊቀ መንበርም፣ ሽማግሌም፣ የሙሽራው አባትም ስልክ ደውሎ "ለምን ዘገየህ" እንዳይለው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ዘግይቶ ቢደርስ ሐዘንተኛው ጎረቤት ቤት ይቀመጣል፤ እኛም ይቅርታ ጠይቀን በማግስቱ እንተክላለን። ድንኳኑን የያዘው ሰው ሳይደርስ ከቀረ ግን ሁለተኛ ድንኳን መትከል ሊኖርብን ነው። ከዚያ እግዚአብሔር ይሰውረን።

ይህን ሐሳብ የምንቃወም ካለን እዚሁ እንነጋገርበት፤ በመንገድ ላይ ከመነጋገር በአዳራሽ መነጋገር ይሻላል። ተሳቢውን ለመግዛት ያዋጡትን፣ በየለቅሶው ሌሊት የሚጭኑትንና የሚያወርዱትን ወጣቶች፣ ያለ ክፍያ የሚነዱልንንም ወንድሞች በማኅበሩ ስም ከልብ እናመሰግናለን። ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ በሙሉ ቁጥራችን፣ በደስታ ድንኳን ሥር፣ በጤና ያገናኘን። መንገዳችሁ የቀና ይሁን።